አመልካች ሙሽራው፣ ተጠሪ ሙሽሪት

ልደታ ለሠርግ ገዱ አይደለም ብል የሚቆጣኝ ጎረቤት አይጠፋም። ግን እናንተው ፍረዱ፤ ከመስቀል አደባባይ ጀምረው አንድ ሐዲድ ተጋርተው የሚመጡት ሁለቱ የከተማ ባቡር መስመሮች የሚፋቱት እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። ፍርድ ቤቱም ከዚያው አይርቅም። ታናሽ እህቴ ይህን ሁሉ እያየች አድጋ፣ «በጥር ላገባ ነው» አለች። እሰይ አልን። ቀጥላም «ለእንግዳ የሚሰጥ ማስታወሻ እፈልጋለሁ» አለች። እዚህ ላይ እሰይ ያለ የለም።

«ምኑን እንዲያስታውሱበት? የበሉትን?» አለች አክስቴ። «የእኛ እንግዳ ከሠርግ ይዞ የሚወጣው ሆዱን ነው።»

እህቴ አስረዳች። ጣሊያኖች በስኳር የተለበጠ 5 ፍሬ አልሞንድ ቋጥረው ለእንግዳ ያድላሉ፤ ጤና፣ ሀብት፣ ደስታ፣ ልጅና ረጅም ዕድሜ ማለት ነው። አክስቴ በጣቷ ቆጠረች። «5 ፍሬ? ይኼ እኮ ለዶሮም ያሳፍራል!»

ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ጠየቅን። የሙሽሮቹ ስም የተጻፈበት ትንሽዬ ብርጭቆ ነው፤ የአንዱ ዋጋ አያስደነግጥም። በ300 እንግዳ ሲባዛ ግን ሙሽራው ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ልጁ ሐሳቡን እንዳይቀይር ሰጋሁና «በእጃችን እንሠራዋለን!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል የከፈልኩበት ጊዜ የለም።

አክስቴ ቆሎ ይሁን አለች። ሙሽራው «እንግዶቼን የቆሎ ተማሪ ላደርጋቸው ነው?» ብሎ አኮረፈ። በመጨረሻ በቡና ተስማማን። ለአንድ ሰው 50 ግራም፣ ለ300 ሰው 15 ኪሎ። ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ በሂሳብ ተሸልሜያለሁ። ጥሬውን ገዝቼ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸከምኩት። «ይኼን ሁሉ እዚህ ቆልተህ ልትጨርሰን ነው?» ስባል ደግሞ መልሼ ወደ ኮሚናሉ አወረድኩት።

የብሎካችን ሴቶች ብረት ምጣዳቸውን ይዘው መጡ። ጢሱ ሰፈሩን አዳረሰው። አላፊ አግዳሚው «ቡና ደርሷል?» እያለ ጎራ ይላል። ማታ ሚዛን ላይ ሳወጣው 12 ኪሎ ተኩል! ሁለት ኪሎ ተኩል ቡና የት ገባ? ዓይኔን ከአንዷ ቆይ ወደ ሌላዋ ሳንከራትት አክስቴ ገባት።

«ቡና ሲቆላ ውኃው እንደሚሄድ፣ ከ6 እጅ አንዱ ለእሳት እንደሚቀር ሲሸልሙህ አልነገሩህም?»

በ50 ግራም ሂሳብ 250 ሰው ነው የሚዳረሰው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ሃምሳ ባዶ ከረጢት ግን ሸክምነቱ ለእኔ ብቻ ነበር። ሌሊቱን ስሰላ አድሬ ለእያንዳንዱ 41 ግራም እንዲደርሰው ወሰንኩ። የተረፈችውን 200 ግራም ሴቶቹ እዚያው አፈሏት፤ የእጅ ዋጋቸው ነው።

ቀጥሎ ማሸግ መጣ። እንደ ኦቾሎኒ ሻጮች፣ ትንንሽ ላስቲክ እየሞላን አፉን በሻማ ለበለብነው። በማግስቱ ካርቶኑን ስንከፍት ላስቲኮቹ ሁሉ እንደ ፊኛ ተነፍተዋል። ለካ አዲስ የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል! አክስቴ አማተበች። «በስመ አብ! ሙሽሪት ሳታገባ ስጦታዋ አረገዘ!»

ላስቲኩን ቀደን ጣልን። ከመርካቶ አቡጀዲ፣ ከሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ የጥለት ቁርጥራጭ ለቅመን መጣን። አየር የሚያስወጣ ከረጢት ተሰፋ፤ አፉ በጥለት ታሰረ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። የቀረው ስም ብቻ ነው። እኔ በኮምፒውተር «የሰርጋችን ማስታወሻ» የሚል 300 ወረቀት አሳትሜ፣ ኮራ ብዬ ለጎረቤታችን ለጋሼ አሳየኋቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይኼ በእሳቱ ሰ ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ሠርግ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፍ። በተክሊል ዘውድ የሚደፉ ልጆች ናቸው፤ አንተ ወስደህ እሳት ውስጥ ትከታቸዋለህ?»

300ውም ወረቀት ለከሰል ማቀጣጠያ ዋለ። ጋሼ «እኔ በእጄ እጽፈዋለሁ» አሉና እንደ እንቁላል ድርድር ባለው ቁም ጽሕፈታቸው ሦስት ሌሊት ጻፉ። በአራተኛው ቀን አንዱን አንስቼ አነበብኩ።

«አመልካች፦ ሙሽራው። ተጠሪ፦ ሙሽሪት። ጉዳዩ፦ የማስታወሻ ቡና ስለመስጠት።»

ጋሼ ራሳቸውም ደነገጡ። «እጄ ለምዶብኝ ነው፣ ልጄ።» እኔ ላብ ላብ ሲለኝ እህቴ ከት ብላ ሳቀች፤ «አንዲት ፊደል እንዳትነኩ!» አለች። ግርጌው ላይ ብቻ አንድ መስመር አስጨመረች፦ «ተጠሪ መልስ የምትሰጠው በማግስቱ በአባቷ ቤት ነው።» የሠርጉ ቀን ከዶሮ ወጡ ይልቅ የተወራው ስለዚያች ወረቀት ነው። ከእንግዶቹ መካከል ጠበቃ የሆነ አንዱ «ይግባኝ አለው?» ብሎ ጠየቀ፤ አክስቴ «የለውም» ብላ ዘጋችው።

ከሠርጉ በኋላ ወጪ አሰላን። ቡናው፣ አቡጀዲው፣ ትራንስፖርቱ፣ የተቃጠለው ወረቀት፤ ደግሞ ቆዪውን፣ ሰፊውንና ቋጣሪውን ምሳና እራት ማብላቱ። ድምሩ ከብርጭቆዎቹ ዋጋ ያን ያህል አልራቀም። ሙሽራው እንደገና ዝም አለ። አሁን ግን አግብቷል፤ አልሰጋሁም።

እዳው የእኔ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በአገራችን ቡና ብቻውን የሚጠጣ ሰው የለም። ያንን ከረጢት የፈታ ሁሉ ይደውላል፦ «ቡናችሁን ላፈላው ነው፣ ሳትመጣ እንዳትቀር!» መቅረት አይቻል፤ ከሄድኩ ደግሞ አቦልን ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ ቶናም በረካም አለ። እንቅልፍ ካየሁ ሰነባበትኩ። እስካሁን 11 ቤት ጠጥቻለሁ፤ 289 ይቀረኛል።

ይህችን ሂሳብ እንኳ አክስቴ አላረመችኝም።