የወቄት ሒሳብ

ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሞልቷል። ገንዘብ ከፍሎ ከገዛው ዕቃ ላይ የሚያስቀንስ ሰው ግን ያየሁት የባለቤቴን ወንድም ብቻ ነው። የሚኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ጋይንት ተወልዶ ስላደገ ተራራ ብርቁ አይደለም። የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ጊዜ አደን ይዘውት ወጡና ተለከፈ።

እንደ ደንቡ ትምህርቱን ወሰደ። ኮሎራዶ ውስጥ ከ1949 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአደን ትምህርት ካርድ ሳይኖረው ፈቃድ አያገኝም። ጠመንጃ ይዞ ትልልቅ አውሬ የሚያድን ሰው ደግሞ ከወገቡ በላይ 500 ካሬ ኢንች የሚሸፍን፣ ዓይን የሚያጥበረብር ብርቱካንማ መልበስ አለበት፤ ኮፍያው ጭምር። አሁን አሁን ሮዝም ተፈቅዷል። እናቱ ሰደርያውን ሲለካ አይተው «አጋዘኑ ዕውር ነው እንዴ?» አሉ። ለዚያ ቀለም እውነትም ዕውር ነው ማለት ይቻላል። የሚያየው ሌላው አዳኝ ነው፤ የተፈለገውም እሱ እንዲያይ ነው።

የመጀመሪያ ጠመንጃው እንደ ማንኛውም ሰው ጠመንጃ ነበር። ባዶውን 3.4 ኪሎ፣ መነጽር ሲታሰርበት፣ ማንገቻ ሲገባለትና ጥይት ሲጎርስ ከ4 ኪሎ በላይ። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይዞት ዋለና ትከሻውን እያሸ ተመለሰ። እኔም ዝም አላልኩም። የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ውጅግራ የምንለው፣ ባዶውን ከ4 ኪሎ እንደሚበልጥ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት እንደሚተፋ፣ ቅድመ አያቶቻችን እሱን የመሰለ ብረት አንግበው በባዶ እግራቸው ዓድዋ ድረስ እንደዘለቁ አስታወስኩት።

«ጋሼ፣ እነሱ ሲመለሱ አጋዘን አልተሸከሙም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ደግሞም የእኛ አገር ጠመንጃ የሚያዘው ሊታይ ጭምር ነው። ሠርግ ላይ፣ ገበያ መንገድ ላይ፣ ባለቤቱን ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። ቀላል ጠመንጃ አለኝ ብሎ የሚፎክር ሰው ጋይንት ውስጥ ቢገኝ ሽማግሌ ይላክበታል።

እሱ ግን ቀላል ጠመንጃ ሊያሠራ ቆረጠ። የቀላል ጠመንጃ ሰዎች የሚቆጥሩት በአውንስ ነው። አንዱ አውንስ 28 ግራም ከምናምን ስለሆነ፣ ድሮ ወርቅ ይመዘንበት ከነበረው ከእኛ ወቄት ጋር ለመተካከል ምንም አልቀረው። ይህን ለእናቱ ባስረዳኋቸው ጊዜ አየት አደረጉኝና «ታዲያ ወርቅ ነው የሚሠራው?» አሉ። ከጠመንጃ ላይ አንዱን ወቄት የማስቀነሻውን ዋጋ ብነግራቸው ኖሮ ወርቁን ይመርጡ ነበር። ለዚህ ነው ያልነገርኳቸው።

የዚህ እምነት ታላቅ ሰው የዌስት ቨርጂኒያው ሜልቪን ፎርብስ ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ብቅ ያደረጉት ጠመንጃ ሞዴል 20 ይባላል፤ ስሙ የወጣለት አክሽኑ 20 አውንስ ስለሚመዝን ነው። ጠመንጃው እንዳለ ከ5 ፓውንድ ማለትም ከ2.3 ኪሎ ብዙም አይርቅም። የእሳቸው ብልሃት ከትልቅ ብረት ላይ መፋቅ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ትንሽ ብረት መሥራት ነው። አማቼ ይህን ካነበበ በኋላ እንቅልፍ አጣ።

አክሽን ማለት መቀርቀሪያው የሚመላለስበት፣ አፈሙዙ የሚጠመድበት፣ ቃታው ከሥሩ የሚንጠለጠልበት ብረት ነው። ርዝመቱን የሚወስነው ጥይቱ ነው። ጥይቱ ካጠረ የመቀርቀሪያው መንገድ ያጥራል፣ መንገዱ ካጠረ ብረቱ ያንሳል፣ ብረቱ ካነሰ ሰደፉም ይሰበሰባል። የጃፓን ጠመንጃ ሠሪዎቹ ሆዋዎች ከተለመደው አጭር አክሽን እንኳ ያጠረ «ሚኒ» የሚሉት አላቸው። እሱን መረጠ። ከትንንሾቹ ጥይቶች የታወቀው .223 ነው፤ ኮሎራዶ ግን ለአጋዘን ከ.24 ካሊበር፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሰ አትፈቅድም። ስለዚህ 6.5 ግሬንደል ላይ ረጋ። ይህ ጥይት በትውልድ ሐረጉ ወደ ኋላ ቢቆጠር .220 ራሽያንን አልፎ ከክላሽ ጥይት ላይ ይደርሳል። እናቱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ዘመዱ የታወቀ ነገር ደስ ይላል።

ሕጉ ጉድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ ተብሎ የሚቆጠረው መለያ ቁጥር ያለበት ያ አክሽን ብቻ ነው። ብቻውን ድንጋይ ከመወርወር የማይሻል ብረት፣ ፈቃድ ያለው ሱቅ ሄደህ፣ ቅጽ 4473 ሞልተህ፣ የኋላ ታሪክህ ተጣርቶ ነው የምትረከበው። አፈሙዙ፣ ቃታውና ሰደፉ ግን በፖስታ ደጅህ ድረስ ይመጣሉ። የካርቦን ፋይበሩ ሰደፍ የደረሰ ቀን የተቀበሉት እናቱ ነበሩ። ሣጥኑን አነሱ፣ ነቀነቁ፣ እንደገና አነሱ። ሲመጣ «ልጄ፣ አጭበርብረውሃል፤ ባዶውን ነው የላኩልህ» አሉት። እንዲህ ያለ ምስጋና ከማንም ሰምቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ጋራዣችን ውስጥ ከተመ። ባለቤቴ የሊጥ ዱቄት የምትመዝንበት ሚዛን የጠመንጃ ሆነ። የብረቱ የካዝና ክዳን ወጥቶ የአሉሚኒየሙ ገባ፤ ብሎኖቹ በታይታኒየም ተተኩ፤ የመቀርቀሪያው እጀታ ውስጡ ተቦረቦረ፤ መነጽሩን የሚያቅፉት ቀለበቶች ተቀየሩ። የማንገቻውን የፋብሪካ ምልክት በምላጭ ፈትቶ ጣለና ሚዛኑን አየ። ሚዛኑ አልተንቀሳቀሰም። ቢሆንም ደስ ብሎት አደረ።

አፈሙዙን ግን ራሱ አልነካውም፤ ተራራ ሥር ያለ አንድ ሽማግሌ የጠመንጃ ባለሙያ ጋ ወሰደው። ጥይቱ ገብቶ መቀርቀሪያው ሲዘጋ የሚቀረው ክፍተት በፀጉር ውፍረት የሚለካ ነው። ለዚህ ሁለት መለኪያ አለ፤ በአንደኛው መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት፣ በሁለተኛው ደግሞ መዘጋት የለበትም። ከዚህ ሁሉ ጣጣ መካከል እኔ ከልቤ ያከበርኩት ይህንኑ ነው፤ ጉንጭ ሥር ለሚፈነዳ ነገር «ይሁና» አይባልም። ሽማግሌው የአማቼን የግራም ዝርዝር እስከ ታች አነበቡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦

«ውሃ ስንት ሊትር ነው የምትይዘው?»

ተሠርቶ ሲያልቅ መነጽሩን ጨምሮ 2.8 ኪሎ ሆነ። ተኩስ መለማመጃው ቦታ አብሬው ሄድኩ። ቀላል ጠመንጃ የሚወደድበት ተራራ ላይ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ሌላ ጠባይ አለው። አንዱኑ ጥይት በ4 ኪሎና በ2.8 ኪሎ ጠመንጃ ብትተኩሰው፣ የቀላሉ ምት ከ40 በመቶ በላይ ይበረታል። ግሬንደል ደግ ጥይት ስለሆነ ነው እንጂ በሌላ ጥይት ትከሻው በተጎዳ ነበር። አፈሙዙ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ ጥቂት ተኩሶ መጠበቅ ነው። ከሁሉ የሚብሰው መንቀጥቀጡ ነው፤ ከባድ ጠመንጃ የልብ ምትን ይውጣል፣ ቀላሉ ግን ያለውን ሁሉ ይናገራል። አማቼ ጠዋት ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቶ ነበር የመጣው፣ ዒላማው ላይ አቦሉም ቶናውም በረካውም ተለይተው ይታዩ ነበር።

«ቤልስ?» አለኝ ገና አፌን ሳልከፍት። ቤል የስኮትላንዱ ዝሆን አዳኝ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቀጭን የ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ብዙ ዝሆን የጣለ፣ በእኛው ጋምቤላ በጊሎ ወንዝ በኩልም ያለፈ። እርግጥ ነው፤ ግን ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለ ያጠና ሰው ነበር፣ ጓዙንም የሚሸከሙለት ብዙ ሰዎች ነበሩት። አማቼ ያለው አንድ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ወገቤን ያመኛል።

የአደኑ ወቅት በኦክቶበር ደረሰ። እናቱ ጽጌን ይጾማሉ። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ስለሆነ በዚያ በኩል ቅሬታ የላቸውም፤ የጨነቃቸው ሌላ ነው። «ጥይት ከመታው በኋላ ማን ነው የሚባርከው?» ይላሉ። ልጃቸው እኔ ነኝ ሲል «አንተ?» ብለው ዝም አሉ። በማግስቱ ሌሊት ግን ስንቅ ሳያስይዙ አልለቀቁትም። በኮባ ፋንታ በሙዝ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ አሳቀፉት። በእኛ ሚዛን 3 ኪሎ ሙሉ። አማቼ ዳቦውን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ እናቱን አየ። ዳቦውን ሻንጣው ውስጥ ከተተ።

አንድም ሳይተኩስ ተመለሰ። ተራራው ግርጌ ያገኛቸው አዳኞች ጠመንጃውን በየተራ አንስተው በጨዋ ደንብ «ቀላል ነው» ብለው መለሱለት። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ፤ በምን እንደሚጋገር፣ የት እንደሚሸጥ ጠየቁት፤ አንዱማ ፎቶ አነሳው። ይህን ለእናቱ ነገራቸው። መንገር አልነበረበትም። «ለመጪው ዓመት ሁለት ነው የምጋግረው» ብለው ጨረሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዣችን ውስጥ ነበር፤ ሁለተኛውን ዳቦ የሚያካክስ ክብደት ከጠመንጃው ላይ ሊፈልግ። ባለቤቴ ሚዛኑን ደብቃለች። እኔ ግን ያለ ሚዛንም አሰላሁለት፦ ዳቦው 3 ኪሎ፣ ጠመንጃው 2.8፤ ጠመንጃውን ጨርሶ እቤት ቢተወው እንኳ የ200 ግራም ዕዳ አለበት።