ዓሣ እንዳይድን ምን ይደረግ?

የቆሰለ ዓሣ እንዳይተርፍ የምትፈልጉ ከሆነ እጃችሁን ሳታረጥቡ ያዙት። የዓሣን ገላ የሚያሙለጨልጨው ዝልግልግ ልባስ ከበሽታም ይጠብቀዋል። በደረቅ መዳፍ ከተላጠ፣ ወደ ውሃው ቢመለስ እንኳ ቁስሉን ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ሊወርሰው ይችላል።

በጣና ሐይቅ፣ ዘጌ ዳርቻ ላይ መረብ ሲፈታ እዩ። ገና ያላደገ ቀረሶ ዓሣ አንገቱ ድረስ ገብቶ፣ የናይለኑ ክር ስንጥቡ ሥር ሰምጧል። አንድ ክር ቢበጠስ ይወጣ ነበር። ለመግደል ግን ክሩን አትንኩ፤ ዓሣውን ጎትቱት። መተንፈሻው አብሮ ይቀደዳል። ከዚያ ፀሐይ ያጋለው ታንኳ ላይ ጣሉትና ሌላውን መረብ እስክትስቡ ይቆይ።

ብርብራም አለ፤ ያው ለዘጌ ቡና ጥላ የሚሆነው ዛፍ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው አየር መጠቀም ያቅተውና ይንሳፈፋል። ለገበያ የደረሰውን ከጫጩቱ አይለይም፤ ሁሉንም ይፈጃል።

አንድ በአንድ መግደል ከሰለቻችሁ ክረምትን ጠብቁ። ጣና ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ከዘረጋችሁ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ታገኛላችሁ። ይህ ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ ወዲህ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆልቁሏል። ያን ጊዜ ከተመናመነው ዘር ብዙው የሚተካው ወንዝ ወጥተው እንቁላል በሚጥሉት ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጅ ብቻውን ግን ከወንዝ አፍ መረብ አያነሳም። ዘጌ ደግሞ ክልከላ ማክበር ያውቅበታል፦ ከጥንቱ የዘጌ አባት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የወረደ ነው በሚባለው ሥርዓት መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ደኑም የተረፈው በዚሁ ነው። ያ ጥንቃቄ ዓሣውም ይገባዋል። የዘጌ አባቶችና ዓሣ አስጋሪዎች ሆይ፣ እባካችሁ በክረምት ወራት የወንዝ አፍ መረብ ይነሳ ብላችሁ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተማከሩ፤ ትንሹን ቀረሶም ክሩን በጥሳችሁ፣ እጃችሁን አርጥባችሁ መልሱት።