ቻርጅ የሚደረግ ወጌሻ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደራ ወገብ በቻርጀር መታሸት ጀምሯል። ጠመንጃ የሚመስል፣ ሲጫኑት የሚንዘረዘር ማሽን ከአዳማ ይመጣል፤ ባለቤቱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ትከሻውን እያስደበደበ «ራሴን እየተንከባከብኩ ነው» ይላል። ወጌሻው ቢሆን ቅቤ አሙቆ፣ የዞረውን ጅማት በአውራ ጣቱ ፈልጎ፣ እግረ መንገዱንም የሰፈሩን ጠብ አጣርቶ ነበር የሚያሸው። ማሽኑ ሐሜት አያውቅም። ለዚህ ይመስለኛል የተወደደው።

መብራት ጠፍቶ ቻርጁ ሲያልቅ ግን ዝም ይላል። አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1960 በተመረቀው የኮካ ግድብ ተርባይን አዙሮ ሲያበቃ በእኛው ደጅ ወደ ሶደሬ ይወርዳል። እዚያ ፍል ውኃው ከምድር ሆድ ራሱ ሞቆ ይወጣል፤ ቻርጅ አይጠይቅም። (ጦጣዎቹ ምሳ ይጠይቃሉ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) የእኛ ሰው ግን «ሶደሬ ሩቅ ነው» ብሎ ሶፋው ላይ ይንዘረዘራል።

በዚሁ የአዳማ መንገድ ሽቅብ አሰላ አለች፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ለትምህርት 10 ኪሎ ሜትር የሮጠበት አገር። የዚያን ልጅ ባት ያሸ ማሽን አልተሰማም። የዛሬው ባለማሽን ደግሞ ከበሩ እስከ ሱቅ በባጃጅ ነው፤ ማታ «እግሬን ደከመኝ» ይላል።

ማሽኑ ለጡንቻ እንጂ ለአጥንትና ለጉሮሮ አይሆንም። ይህን የሚናገረው መመሪያ ካርቶኑ ውስጥ አለ፤ በቻይንኛ።