ፎርማት ይደረግ!

ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ መቅረጽ ምንም አያስቸግርም። ሳንቃበር አካባቢ መንጋው ሣሩን እየነጨ ሲውል ሰው መጣ አልመጣ ግድ የለውም። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይም ለካሜራው ብሎ ሳይሆን በራሱ የመንጋ ጉዳይ ነው። ጣጣው የሚመጣው ደባርቅ ተወርዶ ካርዱ ላፕቶፕ ውስጥ ሲገባ ነው። ፎቶው ወደ ላይትሩም ፕሮግራም ሰተት ብሎ ይገባል፤ ቪዲዮው አሻፈረኝ ይላል።

ያኔ ሐኪሞቹ ይሰበሰባሉ።

የመጀመሪያው ምርመራ ሁልጊዜ «ቫይረስ ነው» የሚል ነው። ለዚህ ድንቅ ምርመራ ፋይሉን ማየት አያስፈልግም። ስክሪኑ ላይ የመጣውን መልእክት ማንበብ ደግሞ ከነጭራሹ ነውር ነው፤ «ፋይሉ ሊነበብ አልቻለም» የሚለው መስኮት ብቅ ሳይል «ኦኬ»ን የተጫነ፣ እሱ የሙያው ጫፍ ላይ ደርሷል። ቀጥሎ ካርዱ ወጥቶ እፍ ይባላል፤ ጥፋቱ የሊማሊሞ አቧራ ይመስል። ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ይበራል። በመጨረሻም ገመዱ ይቀየራል፤ ካርዱ ያለ ምንም ገመድ በቀጥታ የገባ መሆኑ ማንንም አያሳስብም።

ሶኒ ካሜራ የያዘው ጎብኚ ዕድለ ቢስ ነው። ካሜራው ፎቶውን «ዲሲአይኤም» የሚባል ፎልደር ውስጥ፣ የኤክስኤቪሲ ኤስ ቪዲዮውን ግን «ፕራይቬት» ውስጥ፣ «ኤም4ሩት» ውስጥ፣ «ክሊፕ» ውስጥ ያስቀምጣል። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ፎልደር ከፍቶ ፎቶ ብቻ ሲያይ ይፈርዳል፦ «ካሜራው አልቀረጸም»። ሁለተኛ ፎልደር መክፈት ለሥራ ፈት ነው።

የሰርግ ካሜራማኑም ከዚህ በረከት ተካፋይ ነው። ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት የቪዲዮ ቅርጸት፣ ኤቪሲኤችዲ፣ ዛሬም በየዳሱ ይሠራል። 32 ጊጋባይት የሆነ ካርድ በፋት32 ሥርዓት የሚሠራ ስለሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊያልፍ አይችልም። በሴኮንድ 28 ሜጋቢት ሲቀረጽ ይህ 19 ደቂቃ ገደማ ነው። የሽማግሌ ምርቃት በ19 ደቂቃ ያለቀበት ዳስ ያየ ሰው ካለ ይናገር! ካሜራው ቀሪውን በተከታዩ ፋይል ይቀጥላል፤ አንዱን ፋይል ብቻ የቀዳው ግን ለሙሽሮቹ «ምርቃቱን ቫይረስ በላው» ይላቸዋል።

ላይትሩም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ የፎቶ ሰው ነበር፤ ቪዲዮ ማስገባት የጀመረው በ2010፣ በሦስተኛው ትውልዱ ነው። ዛሬም የማያውቀውን ኮዴክ ሲያመጡለት በሩን ይዘጋል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የሚቀርጽበት ኤች.265 በዊንዶውስ 10 ላይ ሳይከፈት ሲቀር የማይክሮሶፍት መደብር ማስፋፊያውን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጣል። ሐኪሞቹ ግን ከአንድ ዶላር በታች የሆነ መድኃኒት ይንቃሉ። ላፕቶፕ ይቀየር ይላሉ።

ነገሩን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ዲስክ ገልብጦ፣ አንዱን ፋይል በነፃው ቪኤልሲ ከፍቶ ማየት ይቻል ነበር። እዚያ ከተጫወተ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ያልተግባባው ፕሮግራሙ ነው። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ግን ክብር አያስገኝም። ክብር ያለው ፎርማት ውስጥ ነው።

ፎርማት ይደረጋል። ዩኔስኮ የሰሜን ተራሮችን ፓርክ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ለማውጣት እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ከዚህ ተራራ ሌላ አገር የሌለውን ዋልያ ከካርድ ለማጥፋት ግን ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል። እውነቱን ለመናገር ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን እንጂ ምስሉን ወዲያው አይደመስስም፤ ካርዱ ሳይነካ ከቆየ ነፃው ፎቶሬክ ብዙውን ሊያወጣ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ዕድል አይተውም፦ «ሠራ ወይ?» ብሎ የሆቴሉን ጣሪያ ለሙከራ ይቀርጽበታል። የተጻፈባቸው ደቂቃዎች የዋልያው ነበሩ።

ከዚያ ምክር ይከተላል፦ «ይቺ ካርድ ትንሽ ናት፣ ባለ 1 ቴራባይት ግዛ»። ዋጋው የምሳ ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ፣ እውነተኛው መጠን ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ሐሰተኛ ካርድ ሲሞላ ዝም ብሎ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል ወይም ባዶ ፋይል ይተዋል፤ ካሜራውም እስከ መጨረሻው ቀዩን መብራት እያበራ «እየቀረጽኩ ነው» ይላል። ጎብኚው ካርዱን ገዝቷል። ነገ ማለዳ ስካውቱን ይዞ ወደ ጨነቅ ይወጣል።