ቀይ ራስ

ሰኔ ላይ ፈተናዋን እንደጨረሰች ልጄ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ ገባች። በዚህ ዘመን ልጅ እንዲህ ከተሸፋፈነ ወይ ቆርቧል ወይ አጥፍቷል። እናቷ ነጠላውን ሳብ ስታደርገው ቤቱ የተቃጠለ መሰለኝ። ቀይ! ድልህ እንኳ አጠገቡ ቢቀመጥ ያፍራል።

«አባዬ፣ ቀለም እኮ ነው።»

ቀለም መሆኑማ መች ጠፋኝ? እናቴም እጇን በእንሶስላ ታቀላ ነበር፤ ራሷን ግን ለጋ ቅቤ እንጂ ሌላ ነገር አስነክታው አታውቅም። ፀጉር ቤቱ ያስከፈላትን አልናገርም፤ የበግ ግልገል ይገዛ ነበር። ደግሞ ጥቁር ፀጉር ቀለም ቶሎ አይዝም ብለው መጀመሪያ ጥቁረቱን በኬሚካል ያስለቅቁታል። ልጄ ጥቁረቷን ለማስለቀቅ ከፈለች!

ይህን እኔ በነጻ አይቼዋለሁ። በ1977 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያኔ በዋግ የሕፃን ፀጉር ሲሳሳና ሲቀላ «አማረበት» የሚል አልነበረም። ረሃብ ሆድ ያሳብጣል፣ ፀጉር ያቀላል። እህል ሲገኝ ጥቁሩ ከሥሩ ብቅ ይላል፤ እናትም የልጇን ራስ እየገለጠች ታይ ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ሲነሣ ሰነዱን በከተማችን ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለው በከንቱ አይደለም። ቃል የተገባበት አገር ልጅ ራሷን አቅልታ ትዞራለች!

ጎረቤታችን እማማ ዓይናቸው ደክሟል። ቀዩን ግን አላጡትም። በማግስቱ የባቄላ ንፍሮ በሳህን ሞልተው መጡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው፣ ልጅቷን ምን አጎደላችሁባት?» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ግን ስቃ ንፍሮውን ጨረሰችው።

እኔ በቁንጮ ነው ያደግሁት። መልአክ ሲመጣ በእሷ ይዞ ወደ ሰማይ እንዲያወጣኝ የተተወችልኝ ናት። የልጄን ቢያይ ግን ይፋጀኛል ብሎ እጁን ይሰበስባል።

ነሐሴ ሲገባ ሥሩ አንድ ጣት ያህል ጠቆረ። እማማ ጎንበስ አድርገው ገላልጠው አዩና፣ «ተመስገን፣ አገገመች» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተኝታ ሳለ በባትሪ አይቼ ነበር። ደስ አለኝ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ደስታዬ ግን ሳምንት አልሞላም። ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ነው፤ ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ለምለሙን የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው በየቤቱ ይጨፍራሉ። ልጄ ቡና እየጠጣሁ ሳለ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳትጠራ ከመጣች ነገር አለ።

«አባዬ፣ ከወገቤ ቅጠል ጋር እንዲሄድልኝ አረንጓዴ ላድርገው?»

እናቷ ሳቀች። ሁለት ለአንድ ሆኑብኝ።

እንግዲህ ለሻደይ ሰቆጣ የምትመጡ ሁሉ፣ ከጨፋሪዎቹ መካከል አረንጓዴ ራስ ካያችሁ የኔ ናት። ለዘፈኗ ብር ስጧት። ንፍሮ ግን አትስጧት፤ በልታለች።