የአሥር ሳንቲም ጣጣ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሼ፤

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆትና ከአሥር ሳንቲም በስተቀር ደህና ነኝ። ስለ አሥሩ ሳንቲም እመጣበታለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ሲያነቡላት የፍሪጁን ነገር ይዝለሉት።

ቤት መከራየቴን በስልክ ነግሬዎት ነበር። ያልነገርኩዎት ቁልፍ ተቀብዬ ስገባ ያየሁትን ነው። ማእድ ቤቱ ባዶ! ከግድግዳው አፋቸው የተደፈነ ሁለት ቧንቧዎች ብቅ ብለዋል፣ ከበታቻቸው አንድ ወፍራም የኤሌክትሪክ መስመር አለ፣ ጣሪያው ላይ አምፖል በነበረበት ቦታ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ሌባ የገባ መስሎኝ አከራዬ ዘንድ ደወልኩ። ሰውዬው የምጮህበት ምክንያት ጨርሶ አልገባውም። ለካ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ ተከራይ ሲለቅ ኪችኑን ነቅሎ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ካቢኔቱን፣ ምድጃውን፣ የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ ሳይቀር። እኛ ሰፈር ሰው ቤት ሲለቅ ቢያንስ ጉልቻውን ይተዋል።

እናም ያገለገለ ካቢኔት ገዛሁ። ቺፑድ ነው፤ እርስዎ “ቺፑድ እንጨት አይደለም፣ የእንጨት ወሬ ነው” ሲሉ እየሰማሁ ማደጌን አልረሳሁም፣ ግን ኪሴ የሚያውቀው ቺፑድን ብቻ ነው። እዚህ ኪችን ውስጥ ነገሩ ሁሉ በ60 ነው የሚሄደው። ምድጃው 60 ሳንቲም፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ 60፣ ከላይ የሚጋደመው ጠረጴዛ ወደ ውስጥ 60። ጠባብ ቤት ላለው ሰው ደግሞ 50 የሆነ ምድጃ ይሸጣል። በካቢኔቶቼ መካከል ለምድጃ የተተወው ቦታ 60 ነበር። እኔ በርካሽ አገኘሁ ብዬ እየተኩራራሁ በትከሻዬ ፎቅ ያወጣሁት ምድጃ ደግሞ 50። የአናጢ የእህት ልጅ ሆኜ ሜትር ሳልይዝ ገበያ ወጣሁ፤ ይሳደቡ፣ መብትዎ ነው።

እናንተ ዘንድ አሥር ሳንቲም ቢወድቅ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው የለም። እዚህ ግን አሥር ሳንቲም ውስጥ ወድቆ የተነሳ ነገር የለም።

መጀመሪያ ምድጃውን መሃል አቁሜ ግራና ቀኝ አምስት አምስት አካፈልኩት፤ ፍርድ ያስተካከልኩ መስሎኝ። አምስት ሳንቲም ማንኪያ ያስገባል፣ እጅ ግን አያስገባም። በሳምንቱ ጉንጬን ወለሉ ላይ አስደግፌ በስልኬ መብራት ሳይ፣ የላካችሁት በርበሬ በምድጃው ጎን ቀይ መስመር ሠርቶ ወርዷል፤ ከሥሩ ሹካ፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የቡና ስኒና አንድ ካልሲ ተኝተዋል። የካልሲውን አይጠይቁኝ። ገንፍሎ የፈሰሰው የምስር ወጥ ደግሞ የካቢኔቱን ጎን ይዞ ወርዶ ቺፑዱን አሳብጦታል። ከኮት መስቀያ ሽቦ መንጠቆ ሠርቼ ማጥመድ ጀመርኩ። ስኒው ወጣ፣ ጆሮው እዚያው ቀረ።

ተናድጄ ሲሊኮንና ስፖንጅ ገዛሁ። የምድጃውን ግራና ቀኝ በስፖንጅ ጠቀጠቅሁ፣ ከገንዳው ጀርባ ሲሊኮን ሞላሁ፣ እጄ ስለሞቀ ወደ ፍሪጁ ዞርኩ። ከግድግዳው ጋር አጣበቅሁት፣ በጎኑና በአናቱ ያለውን ክፍተት ሁሉ ወተፍኩ። ጉንዳን እንኳ መግቢያ የለውም። በሦስተኛው ቀን ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወፍጮ ያጉረመርም ጀመር፤ ጎኑ ይፋጃል፣ ወተቱ ተበላሽቷል።

ጩኸቱ ከግድግዳ ማዶ ያሉትን ጡረተኛ ጎረቤቴን እንቅልፍ ነስቶ ደጄ ድረስ አመጣቸው። ታጣፊ የእንጨት ሜትር ከኪሳቸው አይለይም፤ እርስዎ ጆሮዎ ላይ እርሳስ እንደሚሰኩት ማለት ነው። ምንም ሳይሉ ስፖንጁን አንድ በአንድ መዝዘው አወጡት። ከዚያ እንደ ሕፃን አስረዱኝ፤ ፍሪጅ ብርድ አይሠራም፣ ከሆዱ ያለውን ሙቀት ለቅሞ በጀርባው ያወጣል። መውጫውን ከዘጉበት በራሱ ሙቀት ይቀቀላል። እሳት ሲታፈንባት እማዬ እንጨቱን ሳብ አድርጋ “ይተንፍስ” የምትለው ትዝ አለኝ። ሦስቱ ጉልቻ ቢጣበቁማ እንጨቱስ በየት ይገባል?

“ለመሆኑ የኪችን ዕቃ ሁሉ እንዲህ እርስ በርስ ተጣብቆ እንዲሠራ ያደረገው ማነው?” አልኳቸው። እዚሁ ከተማ ሮመርሽታት ወደሚባለው ሰፈር ላኩኝ፤ እዚያ አንድ ጥንታዊ ኪችን ለጎብኚ ተቀምጧል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926፣ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል የቪየና አርክቴክት ለከተማው አዳዲስ ቤቶች የነደፈችው ነው። የባቡር ምግብ ቤትን ኪችን አይታ፣ በ1.9 በ3.4 ሜትር ክፍል ውስጥ ሁሉን ከግድግዳው ጋር አጋጥማ ሠራችው፤ አሥር ሺህ ያህሉ ተተክሏል። ለዱቄቱ፣ ለሩዙ፣ ለስኳሩ ስም የተጻፈበት መሳቢያ አለ። ሽሮ የሚል አላየሁም። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ምግብ አብስላ እንደማታውቅ ኋላ ራሷ ተናግራለች። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እማዬ ብትሰማ ግን አትስቅም።

ስመለስ ጎረቤቴ ውሃ ልክ ይዘው ጠበቁኝ። ጀርመኖችም “የውሃ ሚዛን” ነው የሚሉት። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት አረፋዋ እየተንሸራተተች ጥግ ገባች። ወለሉ ጠማማ ነው ለካ! ጀርመን አገር ጠማማ ወለል አለ ቢሉኝ ማንን አምኜ? የካቢኔቱን እግሮች እያዞርን ከፍ ዝቅ አደረግን፣ ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ። ክፍተቱን አልደፈኑትም፤ አሻገሩት። ምድጃውን ከወዲያኛው ካቢኔት ጋር አስጠግተው፣ በምድጃውና በግድግዳው መካከል ያለውን ካቢኔት ከነጠረጴዛው ገፍተው ምድጃው ድረስ አመጡት፤ አሥሩ ሳንቲም ከእሳቱ ሸሽቶ ግድግዳው ጥግ ሄደ። ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ 60 የሆነ ቦታ።

አሁን እዚያ ምን እንደሚቆም ያውቁ ይሆን? ሰፌድ! እንጀራዬን በካርቶን ነበር የማወጣው። እናም እማዬ አንድ ሰፌድ ትላክልኝ፣ ስፋቱ ግን ከ55 ሳንቲም እንዳይበልጥ። በሜትር አልለካም እንደምትል አውቃለሁ። እንግዲያው ሁለት ስንዝር ተኩል ይሁን ብያለሁ ይበሏትና፣ የእሷ ስንዝር ስንት ሳንቲም እንደሆነ እርስዎ ሳታይ ለክተው ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ