ግንቡን ማን ቀለበው?

ቦታው ሳንጃ ነው፤ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ፣ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ። ጊዜው ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከዳስ ጥላ ሥር የሚሰበስብበት ከሰዓት በኋላ ነው። ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቱሪዝም ተምሮ የጎንደርን የአንድ ቀን የእግር ጉብኝት ለመምራት የሚለማመድ ወጣት፣ ሰሊጥ ነጋዴው አጎቱና ቡና አፍይዋ። ሳንጃ ላይ ግንብ ስለሌለ ወጣቱ የተደረደሩትን የሰሊጥ ጆንያዎች ለጊዜው ቤተ መንግሥት አድርጎ ሾሟቸዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስጎብኚው፦ ክቡራን ጎብኚዎች፣ ወደ ታሪካዊቷ መናገሻ እንኳን በደህና መጣችሁ! ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 ዋና ከተማቸው አደረጉ። ከፊታችሁ ያለው ግቢ 900 ሜትር በሚደርስ የድንጋይ ካብ የተከበበ ሲሆን በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ የፋሲል ግንብ ነው፤ ያ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፤ ቀጥሎ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዘፈን ቤት፣ የበካፋ ቤተ መንግሥት፣ መጨረሻ ላይ የእቴጌ ምንትዋብ። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የንጉሡን እልፍኝ ተደግፈዋል።

ነጋዴው፦ የተደገፍኩት ጆንያዬን ነው፤ እሱንም በብድር የገዛሁትን። ይልቅ ያልከውን ልድገምልህ፦ ፋሲል ሠራ፣ ኢያሱ ሠራ፣ ዳዊት ሠራ፣ ምንትዋብ ሠራች። አንተን የሰማ ሰው ነገሥታቱ ኖራ ሲያቦኩና ድንጋይ ሲጠርቡ ዕድሜያቸውን የፈጁ ይመስለዋል። ስድስት ግንብ ቆጠርክ፤ አንድ ግንበኛ ግን አልጠራህም። ቤተ እስራኤሎች በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በአንጥረኝነት ለጎንደር ነገሥታት ይሠሩ እንደነበር የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ነዋሪዎቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም መንደራቸው ወለቃ ዛሬም ከከተማዋ ጥግ አለች። ግንበኛው ደግሞ ጾሙን አይሠራም፤ ቀለብ ይፈልጋል። ቤተ መንግሥቱም ሐር፣ ምንጣፍና ዶቃ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ከወገራ ደጋ አይታጨድም፤ በመንገድ ነው የሚመጣው። ከመንገዶቹም አንዱ በምዕራቡ ቆላችን በኩል፣ በመተማ አድርጎ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ሴናር የሚወርደው ነው። አንተ የምታስጎበኘው ከግንቡ በር ጀምሮ በግንቡ በር የሚያልቅ ከተማ ነው። እንዲህ ያለ ዋና ከተማ ግን በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም።

አስጎብኚው፦ ጋሼ፣ እርስዎ ነጋዴ ስለሆኑ ዓለምን ያቆመው ንግድ ይመስልዎታል። ቤተ መንግሥቱን በዋናነት የቀለበው የገበሬው ግብር ነው። ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ከተባለም ምጽዋ አለ። የመተማን መንገድ ይህን ያህል መካብ ያገር ልጅነት ነው እንጂ ታሪክ አይደለም።

ነጋዴው፦ ምጽዋን አልካድኩም። ገበሬውንም ብትጠራው ደስ ባለኝ፤ እሱንም እኮ አልጠራኸውም! እኔ የቆላው መንገድ ብቻውን ከተማ አቆመ አላልኩም፤ ከጉብኝቱ ተሰረዘ ነው ያልኩት። ማስረጃ ካልክ እነሆ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 አድያም ሰገድ ኢያሱን ሊያክም የመጣው ከካይሮ ተነሥቶ በሴናር በኩል ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በምጽዋ ገብቶ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ሲወጣ፣ መንገዱ በመተማ አካባቢ ባለው ቆላ ወደ ሴናር ነበር። ስለዚህ ለንጉሡ ሐኪም ያመጣው፣ የከተማዋንም ዝና ተሸክሞ አውሮፓ ያደረሰው መንገድ ይኸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመተማን አካባቢ የሚያስተዳድሩት ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በኩል መጥተው የሰፈሩ ተክሩሮች ነበሩ። ሹማቸው ለኢትዮጵያም፣ ሱዳንን ለያዘችው ግብጽም ይገብር ነበር። ጥቅም የሌለበትን ገበያ ሁለት መንግሥት አይቀርጠውም። ደግሞስ አንድን ጭነት ሁለት ኬላ ላይ መክፈል ትናንት የተጀመረ መስሎህ ነበር?

አስጎብኚው፦ ይሁን። ግን ገበያ እንደ ግንብ ፍርስራሽ ትቶ አይሄድም። ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው ነገር ይሻል። ምን ላሳየው? የተነነ ንግድ?

ቡና አፍይዋ፦ አንተ ልጅ፣ አዲስ ዓለም የት ሄደና? ጀበናውን እያሳየህ ቡናው ከየት እንደመጣ የማትናገር አስተናጋጅ ሆንክብን እኮ! በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ አይደል እንዴ? ቤተ መጻሕፍቱን በኩራት ያሳየኸን ያው ንጉሥ ነው። የሩቁን ንግድ የያዙት በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሰፈራቸውም አዲስ ዓለም ነው። ሰው ይኖርበታል፣ ይነገድበታል፣ ይጸለይበታል። ከግንቡ ተነሥቶ በእግር ይደረሳል። ከተማዋ ነጋዴውን ባትወደውም ያለ እሱ መኖር እንዳልቻለች የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል?

አስጎብኚው፦ እትዬ፣ ችግሩ እሱ ላይ ነው። ከግንቡ ከወጣሁ የማይጣፍጥ ታሪክ ይጎተታል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 በመተማ ገበያ ስላየው የባሪያ ንግድ ልናገር? ጎንደርን በ1866 ዘርፈው ያቃጠሉት የቋራው ልጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው ልበል? በ1888 ደግሞ የሱዳን ማህዲስቶች በመተማ በኩል መጥተው ከተማዋን እንዳወደሙ? ጎብኚው የመጣው ሊደሰት ነው፤ ያገር ሰውም ይቆጣል።

ነጋዴው፦ ታዲያ ያ ሁሉ አዳራሽ ያለ ጣሪያ የቆመው ለምንድን ነው ቢልህ ምን ትመልሳለህ? አየሩ እንዲገባ ተብሎ ነው ልትለው ነው? በ1941 ግንቡ ላይ የወደቀውን የእንግሊዝ ቦምብ ብቻ ብታወራ ጥፋቱን ሁሉ ለባዕድ ሰጠህ፤ ሁሉንም ብትተው ደግሞ ግንቡን ምሥጥ በላው እንደማለት ነው። ጎብኚው ሞኝ አይደለም፤ ፍርስራሽ ያየ ሰው ምክንያት ይጠይቃል። የባሪያውን ገበያ ደብቀህ የንግዱን ሀብት ብታሞግስም ያው ግማሽ ውሸት ነው፤ እኔንም ጨምሮ ነጋዴን የሚያኮራ ብቻ አይደለም የሚነገረው። ሌላም ልጨምርልህ፦ ከ1888ቱ ጥፋት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ መተማ ወርደው መጋቢት 1889 እዚያው ወደቁ፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ተባለች። የደጋው ዙፋን ዕጣ ቆላ ላይ የተቆረጠበትን ታሪክ ትተህ ስለ ንጉሥ ምን ልታወራ ነው?

አስጎብኚው፦ ጉብኝቱ አንድ ቀን ነው! ጠዋት ግንብ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከሰዓት ቁስቋምና የፋሲል መዋኛ። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የውጭ እንግዳ ሳስቷል። የመጣውን አንድ ሰው በታሪክ ክርክር ላባርረው?

ነጋዴው፦ እንግዳው ሳሳ ካልክ፣ አጠገብህ ያለውን ቁጠር። ከሳንጃ፣ ከአብርሃ ጅራ፣ ከመተማ ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት፣ ለንግድ ጎንደር የሚወጣው ሕዝብ ስንት ነው? ብዙው ግንቡን በአጥር ላይ አይቶ ይመለሳል። ለምን? ውስጡ ስለ እሱ የሚነገር ነገር ያለ ስለማይመስለው ነው። ቀኑም አልጠበበም፤ ጠዋት ስለ ስድስት ነገሥታት የምታወራውን በሦስቱ ብታሳጥር አዲስ ዓለምና ወለቃ ይገቡልሃል።

ክርክሩን ስንመዝን ወጣቱ በሁለት ነገር እውነት አለው፦ ቀን ያጥራል፣ እንጀራም ያስፈልጋል። ያገሩ ሰው የጉብኝት ገበያ ሆኖ የውጭውን እንግዳ ገንዘብ ቶሎ ሊተካም አይችልም። ሆኖም ሁለቱም ምክንያቶች አንድን ዋና ከተማ ወደ ነገሥታት የስም ዝርዝር ለማሳጠር አይበቁም። ጎንደር መናገሻ የሆነችው ንጉሥ ስለተቀመጠባት ብቻ ሳይሆን ገበሬ ስለገበረላት፣ ባለእጅ ስለሠራላት፣ ነጋዴም ከቆላ ስለወጣላት ነው። ስለዚህ የከተማዋ አስጎብኚዎች በአንድ ቀን ጉዟቸው ውስጥ አዲስ ዓለምን ያስገቡ፤ ወለቃንም የዕደ ጥበብ መሸጫ ብቻ አድርገው አይለፏት። የቆላው ትምህርት ቤቶችም ሰላም ባለ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ጎንደር ያድርሱ። ግንቡ የእነሱም ነው፤ ቀለቡን ከሰፈሩለት መካከል አያቶቻቸው አሉበት።